አፎት የበላው ሽጉጥ፤ ከአዳማ የተመዘገበ ጉዳይ

ለምን እንደጻፍኩት

የሽጉጥ ቀለም ሲላጥ ሰው ሁሉ የሚያገላብጠው ሽጉጡን ነው። አፎቱን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ለዓመታት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ጥገና ሠርቻለሁ፤ አሁን ኑሮዬ አዳማ ነው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች አልፎ አልፎ እንዲህ ሆነብኝ እያሉ ያማክሩኛል። ይህኛው ጉዳይ መመዝገብ አለበት ያልኩት በአንድ ሽጉጥ ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳት አንድ ላይ ስላየሁበት ነው። ከሦስቱ የከፋውን ያደረሰው ደግሞ አፎቱ አይደለም፤ ለማዳን ተብሎ ቤት ውስጥ የተደረገው ነገር ነው።

ባለቤቱ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ስሙን አልጠቅስም። ሽጉጡ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የወጣለት፣ መለያ ቁጥሩ ከፈቃዱ ጋር የሚመሳከር ነው። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ላይ ቁጥሩ ራሱ የጉዳዩ አካል ስለሚሆን ነው።

ሰውየውና ሽጉጡ

ባለቤቱ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ነው። መቂ ይወርዳል፣ ቆቃ ይገባል፣ ወንጂ በኩል ካሉ ገበሬዎች ይረከባል። በፒካፕ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ማሳው ድረስ ስለሚገባ አቧራ ይጠጣል። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ አካባቢ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ መስኮት ቢዘጋም ይገባል።

ሽጉጡ ማካሮቭ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሠራዊቷ የተቀበለችው፣ 9 በ18 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ፣ ባዶውን 730 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠንካራ መሣሪያ ነው። የእሱ ሽጉጥ ጥቁር ልባስ ያለው ነው፤ በሙያው ብሉይንግ የሚባለው። አፎቱን ገበያ ላይ ገዝቶታል፤ ለስላሳ ቆዳ፣ ውስጡ በፀጉራም ጨርቅ የተለበጠ፣ የቀበቶ ማስገቢያው በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ በተደፈጠጠ የብረት ችንካር፣ የተያያዘ። ሲገዛው ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ "ሽጉጡን አይጎዳውም" ብሎ ነው የመረጠው። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

በቀኝ ወገቡ ይታጠቀዋል። ማታ ቤት ሲገባ ቀበቶውን ፈትቶ ሽጉጡን ከነአፎቱ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። መቆለፉ ትክክል ነው። ከነአፎቱ መሆኑ ግን ችግር ነበረው።

ችግሩ

መጀመሪያ ያየው የአፈሙዙ ጠርዝና የላይኛው ብረት የፊት ማዕዘኖች እየነጡ መሄዳቸውን ነው። ቀጥሎ በግራ በኩል፣ ማለትም ወደ ሰውነቱ በሚዞረው ጎን፣ ረጅም ጭረት ወጣ። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያው ጎን ቡናማ ነጠብጣቦች ታዩ።

ያኔ ነው ምክር የበዛበት። አንዱ ዘመዱ "ሎሚና አመድ አድርገህ እሸው፣ እንደ አዲስ ይሆናል" አለው። ቤት ውስጥ ብረት ድስት በዚያ ስለሚጠራ ነገሩ አሳማኝ መስሎታል። አሸው። ዝገቱ በእርግጥ ለቀቀ። ግን ጥቁሩም አብሮ ሄደ፤ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቦታ ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ ግራጫ ቦታ ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ መዛግ ጀመረ። ወደ እኔ የመጣው የመኪና ስፕሬይ ጥቁር ቀለም ሊቀባው አስቦ ነው። "ወንድሜ፣ ጋራዥ ወስጄ ላስረጨው ወይስ አንተ ታውቅበታለህ?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳይቀቡት፤ አፎቱንም ይዘው ይምጡ" አልኩት።

ስፕሬዩን የተቃወምኩት ለውበት ብዬ አይደለም። ያ ቀለም የሚንሸራተቱ ብረቶች መሃል ይገባል፤ ይወፍራል፤ ከሟሟ ጋር ሲገናኝ ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ከሥሩ የቀረ ዝገት ካለ ደግሞ ተሸፍኖ መብላቱን ይቀጥላል። መለያ ቁጥሩንም ይደፍነዋል።

መጀመሪያ ምን አየን

ከሁሉ በፊት ካዝናው ወጣ። የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ጥይት መጉረሻው በዓይንም በጣትም ታየ። ጥይቱ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ይሄ ለጽሑፍ ማሳመሪያ የገባ አይደለም፤ ሽጉጥ ሲጸዳ ሰው የሚጎዳው "ባዶ ነው" ሲባል ነው።

ከዚያ በር ላይ በቀን ብርሃን አየነው። ቀለም የጠፋበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለመለየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ነጣ ያለው ቦታ ለስላሳና አንጸባራቂ ከሆነ፣ ጥፍር ሲያልፍበት ምንም ካልያዘ፣ እሱ መፈተግ ነው። ጥፍር ከያዘ ጭረት ነው፤ ብረቱ ራሱ ተነክቷል። በዘይት የራሰ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ቡናማ ከለቀቀ ደግሞ ዝገት ነው።

በእሱ ሽጉጥ ላይ ጠርዞቹ መፈተግ ነበሩ። የግራው መስመር ጭረት ነው። ነጠብጣቦቹና ሎሚ የነካው ቦታ ዝገት ናቸው። ሦስቱ ሦስት ምክንያት አላቸው፤ አንድ መድኃኒት አይበቃቸውም።

አፎቱ ውስጥ ያገኘነው

አፎቱን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ መታ መታ አደረግኩት። የወረደው አቧራ ብቻ አልነበረም። የሚያብለጨልጭ ደቃቅ አሸዋ ነበረበት። የአዳማ ዙሪያ የስምጥ ሸለቆ መሬት ነው፤ አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ፑሚስ በብዛት አለበት። ፑሚስ ማለት ደግሞ ፋብሪካዎች ብረትና እንጨት ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ድንጋይ ነው። እና ያ ለስላሳ ፀጉራም ገበር አሸዋውን ይዞ አይለቅም። ሽጉጡ በወጣና በገባ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መሃል ያልፋል ማለት ነው።

ጥቁሩ ልባስ ከብረቱ ራሱ የሚሠራ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ብዙም አይርቅም። ቀለም ተቀብቶበት አይደለም። ስለዚህ ቆዳ ብቻውን እንኳ ከጊዜ ብዛት ጠርዙን ያነጣዋል፤ ይሄ የዕድሜ ምልክት ነው፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። አሸዋ ሲጨመርበት ግን የብዙ ዓመቱ መፈተግ በጥቂት ወራት ያልቃል።

ጭረቱን ያመጣው ሪቬቱ ነው። የቀበቶ ማስገቢያውን የያዘው የሪቬት ጭንቅላት ገበሩን በልቶ ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። በጣት ሲዳሰስ ይወጋል። ልክ ከጭረቱ መስመር ጋር ይገጥማል።

ዝገቱ ደግሞ ከላብ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ወገቡን መቀመጫው ላይ ተጭኖ ይውላል። ቆዳ ላብን ይመጥጣል፤ ከላቡ ጋር ጨው ይገባል። ማታ ሽጉጡ ከነአፎቱ ሲቆለፍበት እርጥብ ጨው ውስጥ እንዳደረ ቁጠሩት። ለዚህ ነው ዝገቱ ወደ ሰውነት በዞረው ጎን ብቻ የነበረው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአፎቱ አፍ ከመላላቱ የተነሳ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽጉጡ ሲገባ የታጠፈው ቆዳ የቃታው መከላከያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቆዳ ቃታ ላይ ተጭኖ ሽጉጡ ወደ ታች ከተገፋ ጣት እንደሳበው ነው የሚቆጠረው። ማካሮቭ የመጀመሪያው ስበት ከባድ ቢሆንም፣ ሴፍቲውም ቢኖር፣ በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም። የቀለሙን ጉዳይ ትቼ መጀመሪያ የነገርኩት ይሄንን ነው፤ አፎቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳይታጠቅ ተስማማን። ስለ ጭረት ሊጠይቅ የመጣ ሰው እግሩን ሊያሳጣው የሚችል ነገር ታጥቆ ነበር።

ሎሚው ምን አደረገ

ሎሚ አሲድ ነው። ዝገት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ጥቁሩ ልባስም የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ። አሲድ መጥፎውን ለይቶ ጥሩውን አይተውም፤ ሁለቱንም ያሟሟል። ኮምጣጤም ያው ነው፣ ኮካም ያው ነው። አመዱ ደግሞ ፈተገው። የቀረው እርቃን ብረት ነው፤ አሲዱም በደንብ ካልታጠበ ውስጥ ለውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። ለዚያ ነው በፍጥነት መልሶ የዛገው።

የታሸው ጎን መለያ ቁጥሩ ያለበት ጎን ነበር። ቁጥሩ ጠልቆ የተመታ ስለሆነ ተርፏል፤ በግልጽ ይነበባል። በብርጭቆ ወረቀት ጠንከር አድርጎ አሽቶት ቢሆን ኖሮስ? ቁጥሩ ያልተነበበ ሽጉጥ ይዞ ፍተሻ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም። "ለማሳመር ብዬ ነው" የሚል መልስ የሚሰማ ያለ አይመስለኝም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

አሲዱን ለማጥፋት ሽጉጡን ፈትተን የታሸውን ክፍል ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጠብነው፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅነው፣ ወዲያው አደረቅነው፣ ዘይት አደረግንበት። ዝገቱን በጣም ስስ በሆነ የብረት ሱፍ፣ ዘይት አጥግበን፣ ሳንጫን አነሳነው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይሆንም፤ ሻካራ ነው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ዝገቱን አንሳፍፎ እንዲያወጣና ያልተነካው ጥቁር እንዳይፋቅ ነው። አዝጋሚ ሥራ ነው። የሚቸኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ላምባ ለማጠቢያ ተጠቀምን፤ የደረቀ ቅባትን ጥሩ ያነሳል። ነገር ግን ይተንና ብረቱን ባዶ ያስቀረዋል፤ በላምባ ጠርጎ መተው ጥበቃ አይደለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ጥላሸትና አሲድ አለበት። የመሣሪያ ዘይት ካልተገኘ ንጹህ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል።

ለተላጠው ቦታ ከውጭ አገር የመጣለት በቀዝቃዛው የሚቀባ ማጥቆሪያ ነበረው። እንሞክረው አለ፤ ሞከርነው። ቅባቱን በደንብ አጥበን፣ ጓንት አድርገን፣ አየር ባለበት ቦታ፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ውስጥ ሴሌኒየም የሚባል መርዛማ ነገር አለ።

ጭረቱን ምንም አላደረግነውም። ጭረትን ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ብረት ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል፤ ያ ማለት ጤነኛ ልባስ ማንሳት ነው፣ ያውም ከቁጥሩ አጠገብ። ዘይት ጠጥቶ ይቀመጥ አልን።

ከዚያ ወደ አፎቱ ዞርን። ቀበቶ የሚሠራ ቆዳ ሰፊ አዳማ ውስጥ አገኘን። ሽጉጡን ሱቅ ውስጥ ጥሎ መሄድም፣ ሰው ፊት ማውጣትም አልፈለግንም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ቅርጹን ወስደን፣ ውፍረቱን ለክተን፣ እንጨት ሠሪ ተመሳሳይ መጠን ያለው የእንጨት ቅርጽ እንዲያወጣልን አደረግን። ቆዳ ሰፊው የሠራው በእንጨቱ ላይ ነው። ይሄ መንገድ ለማንም ባለፈቃድ ይሆናል ባይ ነኝ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የመጀመሪያው አፎት አልሆነም። ሰፊው የተጠቀመው ከሞጆ የመጣ የጫማ ቆዳ ነው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ቆዳው ራሱ ጥሩ ቆዳ ነው፤ ግን በክሮም፣ ማለትም በማዕድን ጨው፣ የተለፋ ነው። በክሮም የተለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ቅርጽ ቢሰጠውም ሲደርቅ አይዝም፤ ተመልሶ ይለሰልሳል። አፉ እንደ ድሮው መታጠፍ ጀመረ። ሰፊው ጥፋተኛ አይደለም፤ የተጠየቀው "ጥሩ ቆዳ" ነበር፤ የምን ዓይነት ቆዳ እንደሚያስፈልግ የነገረው አልነበረም።

ሁለተኛው የተሠራው በሶል፣ ማለትም ለጫማ መርገጫ በሚሆን፣ ቆዳ ነው፤ በእፅዋት ልጥ የተለፋ፣ ወደ ሦስት ሚሊሜትር የሚወፍር። ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ፣ እንጨቱ ውስጡ ገብቶ፣ በጣት ተጫን ተጫን ተደርጎ ጥላ ውስጥ ደረቀ። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ይሄኛው ቅርጹን ያዘ። አፉ ሽጉጡ ሲወጣም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሪቬት የለበትም፤ የቀበቶ ማስገቢያው በክር ነው የተሰፋው። ገበር የለውም። ከታች በአፈሙዙ በኩል ክፍት ስለሆነ አሸዋ ቢገባም ወርዶ ይወጣል። ማሰሪያው ላይ ያለው ጠቅ የሚለው ቁልፍም ከጀርባው ቆዳ ተሰፍቶበት ብረት ብረትን አይነካም።

ሁለቱን ቆዳዎች መለየት ለሚፈልግ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ማየት ነው። መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ የሚያደላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሮም ነው። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ከሆነ የእፅዋት ነው።

በቀዝቃዛው የሚቀባው ማጥቆሪያ የረባ ነገር አልሆነም። ሲቀባ ጠቆረ፤ ደስም አለን። ግን ቀለሙ ከዙሪያው ጋር አልተዋሃደም፤ አፎት ውስጥ ትንሽ ከወጣና ከገባ በኋላ ወደ ግራጫ ተመለሰ። ለትንሽ ጭረት ይሆን ይሆናል፤ ለሰፊ ቦታ አይሆንም።

ዘይት አጠቃቀሙ ላይ ማስተካከያ አድርገናል። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ዝገቱን ፈርቶ ዘይቱን ያበዛ ነበር። አቧራማ አገር ላይ የበዛ ዘይት ሌላ ችግር ነው፤ አሸዋውን ይሰበስባል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል። ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ፣ ከዚያ ብረቱን መጥረግ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ደግሞ መጥረግ፤ ጣት ሲነካው የማያረጥብ መሆን አለበት። ለውጪው ክፍል ከዘይት የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ሰም ነው። የመኪና ሰም፣ ግን ማለስለሻ ዱቄት የሌለበት። ስስ ሆኖ ይደርቃል፣ አቧራ አይዝም። ግራጫው ቦታ በሰም ከተሸፈነ ወዲህ አልዛገም።

ሌላ ቦታ ላይ የሚሆነው

አፎት ሲገዛ ውስጡን በጣት መዳሰስ ነው፤ ሪቬት፣ የክር ቋጠሮ፣ ወጣ ያለ ብረት ሁሉ ይገኛል። ባዶውን አፎት አፉን ጫን አድርጎ ማየትም ያስፈልጋል፤ የሚታጠፍ ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር አይታጠቁት። ፕላስቲክ አፎት የሚይዙም አሉ፤ ላብ አይመጥጥም፣ አይታጠፍም፤ አሸዋ ከገባበት ግን እኩል ይፍቃል። ስለዚህ ማራገፍና መጥረግ ለሁሉም ነው።

ማታ ሽጉጡ ከአፎቱ ይውጣ። ተጠርጎ ለብቻው ይቆለፍ፤ አፎቱ ደግሞ አየር ላይ ይደር። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው ካለ ይሄንን ያድርግ እላለሁ፤ ወጪ የለውም፣ ዝገቱንም የሚያስቆመው በዋናነት እሱ ነው። ሐዋሳ ያላችሁ የሐይቁ እርጥበት ስላለባችሁ ይበልጥ ይመለከታችኋል።

የነጣ ጠርዝ ብቻ ያለው ሽጉጥ አልታመመም። ተዉት፤ ዘይት አድርጉበት። ሙሉ በሙሉ እንደገና ማጥቆር የሚፈልግ ካለ ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንጂ በጓሮ የሚሠራ አይደለም፤ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ገንዳ ነው፤ ጠብታው ዓይን ያጠፋል።

አሁን ያለበት

የነጋዴው ሽጉጥ ግራጫውን ቦታ ይዞ ነው ያለው። ጭረቱም አለ። ጠርዞቹ እንደነጡ ናቸው፤ ግን ከዚያ ወዲህ የጨመረ ነገር አላየሁም፤ ፎቶ አንስተን ስለነበር አመሳክረናል። እንደገና ይጠቆር ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በእኔ በኩል አያስፈልግም አልኩት፤ እሱም ተወው። አሮጌውን አፎት ቆራርጠን ጥለነዋል፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይታጠቀው።